በጊንዛ የተሸሸጉ ትናንሽ መጠጥ ቤቶችን (ባሮችን) ፈልጎ ማጣት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በቶኪዮ የጊንዛ ሰፈር የሚገኙት ስመ ጥር የኮክቴልና የዊስኪ ባሮች ብዙዎቹ በባንኮኒው ዙሪያ ለሚቀመጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተሠሩ፣ ከመንገድ የማይታዩ ክፍሎች ናቸው። ፈልጎ ያጣቸው እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ትክክለኛው ሕንፃ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው፤ የቀረው አድራሻውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ብቻ ስለነበር ይህ እጅግ ያስቆጫል።

ካርታው «ደርሰዋል» ይላል፤ ባሩ ግን የለም

ረጃጅም ሕንፃዎች በተጠጋጉበት ሰፈር የሳተላይት ምልክት በግድግዳዎች እየተንጸባረቀ ስለሚደርስ ስልኩ ጎረቤት ሕንፃ ላይ ሊያቆምዎ ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ካርታው ቦታውን እንጂ ፎቁን አለማሳየቱ ነው፤ በጊንዛ አንድ ጠባብ ሕንፃ በየፎቁ የተለያየ ቤት ይይዛል።

መፍትሄው የአድራሻውን አሠራር ማወቅ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. የተከፈተውንና ጃፓናዊው ደራሲ ዳዛይ ኦሳሙ በ1946 እ.ኤ.አ. ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጦ በተነሣው ፎቶግራፍ የሚታወቀውን ባር ሉፓንን እንውሰድ። አድራሻው «ጊንዛ 5-5-11፣ ጹካሞቶ ፉዶሳን ቢሩ፣ ቢ 1» ነው፤ «ቢሩ» ሕንፃ ማለት ሲሆን «ቢ 1» ፎቁን ይነግራል። የመጀመሪያው 5 ከ1 እስከ 8 ከሚቆጠሩት የጊንዛ ክፍሎች አምስተኛውን፣ ሁለተኛው 5 በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ብሎክ፣ 11 ደግሞ በብሎኩ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታል፤ የጎዳና ስም በውስጡ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ጎዳናውን ተከትሎ መፈለግ አይጠቅምም፤ ብሎኩን ዙሪያውን መዞር ያስፈልጋል፤ የሉፓን በርም የሚገኘው በሰፊው ጎዳና ላይ ሳይሆን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሕንፃውን ስም ከመግቢያው ላይ ያረጋግጡ፤ ከዚያም ቀና ብለው ከሕንፃው ጎን ወደ መንገዱ የወጣውን፣ የየፎቁን ቤቶች ስም የደረደረውን ሰሌዳ ይመልከቱ። ስሙ በጃፓንኛ ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል የባሩን ስም በጃፓንኛ ፊደል ስልክዎ ላይ አስቀድመው ይያዙና ቅርጹን ያመሳክሩ።

ፎቁ ላይ ሌላ ቤት ተገኘ

በአዲስ አበባ «ግራውንድ» የምንለው በጃፓን 1ኛ ፎቅ ተብሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «3 ኤፍ» የተባለው በእኛ አቆጣጠር 2ኛ ፎቅ ነው። «ቢ 1» ከምድር በታች ያለው የመጀመሪያው ፎቅ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደውን ጠባብ ደረጃ ይፈልጉ።

በሩ ተገኝቷል፤ ግን የተዘጋ ይመስላል

መስኮት የሌለው ከባድ የእንጨት በር የተለመደ ስለሆነ፣ የስም ሰሌዳው መብራት በርቶ ከሆነ ገፋ አድርገው ይክፈቱ። መብራቱ ከጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን ይመርምሩ፤ ጊንዛ የቢሮዎችና የንግድ ሰፈር በመሆኑ ብዙ ባሮች እሑድ ዝግ ናቸው። የሥራ ሰዓት «18:00–26:00» ተብሎ ቢጻፍ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው፤ ጃፓኖች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሰዓት በዚያው ምሽት ላይ ደምረው ይጽፉታል።

ባርማኑ ሁለት እጆቹን በ«X» ቅርጽ አጣምሮ አሳየ

ይህ «አይቻልም» ማለት ነው፤ ብዙ እንግዶች እንደ ንቀት ይቆጥሩታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወንበሩ ሞልቶ ነው። ቤቱ ለአባላት ብቻ የተፈቀደ ሊሆንም ይችላል። አራትና አምስት ሆኖ መሄድ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው ጸጥታ መንፈግ ነውና ብቻዎን ወይም ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ያረፉበት ሆቴል አስቀድሞ እንዲደውልልዎ ይጠይቁ። ሲገቡም እስኪያስቀምጡዎ በሩ ላይ ይቆዩ። በፍለጋው ደክመው ሳለ መንገድ ላይ «ጥሩ ባር ላሳይዎ» የሚል ደላላ ቢመጣ በፍጹም አይከተሉት፤ እንዲህ ያሉ ባሮች ደንበኛ በደላላ አይጠሩም፤ ደላላን ተከትለው የተዘረፉ እንግዶችም ጥቂት አይደሉም።

ሂሳቡ ከታሰበው በላይ መጣ

አብዛኞቹ የመቀመጫ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዶቹም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። የዊስኪ ዋጋ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አይቀመጥም፤ ከመደርደሪያው ላይ ያለ አሮጌ ጠርሙስ በጣም ውድ ሊሆን ስለሚችል ዋጋውን ከመቀዳቱ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም። የተለመደው ልክ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ብዙ ዓይነት መቅመስ የሚፈልግ የዚያን ግማሽ፣ 15 ሚሊ ሊትር፣ እንዲቀዳለት ሊጠይቅ ይችላል። ካርድ የማይቀበሉም ስላሉ የጃፓን የን በጥሬ ገንዘብ ይያዙ።