ጩቤው የየት አገር ነው?

አዳማ ውስጥ ሰዓት እጠግናለሁ። ማጉያዋን ዓይኔ ላይ ስላዩ ነው መሰለኝ፣ ሰዎች ከሣጥን ያወጡትን አሮጌ ነገር ሁሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ። በተለይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጩቤ። «ጋሼ፣ ይሄ የየት ነው?» ይሉኛል። እኔ የማየው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፣ በእናታችሁ አትወልውሉት። ጀማሪ ሳለሁ አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ መስታወት አደረግሁት። እጀታው ሥር የነበረችው ስስ ጽሕፈት አብራ ተፈግፍጋ ሄደች። ባለቤቱ ደስ ብሎት ከፍሎኝ ሄደ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማንሳት ይበቃል።

ከስለቱ አትጀምሩ፣ ከአፎቱ ጀምሩ። ስለት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ባሕር ይሻገራል። የኛዎቹን የድሮ ጎራዴዎች እንኳ ብታዩ፣ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው፣ የብዙዎቹ ስለት የተሠራው ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። አፎት ግን እንደ ታጣቂው አገር ልማድ ነው የሚሰፋው።

አፎቱ ከታች እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ከታጠፈ የየመን ጃምቢያን አስቡ። እጥፋቱ ማዕዘን ሊሠራ ከደረሰ፣ ላዩ በብር ሽቦ ጥልፍልፍ ከተሸፈነና ቀለበቶች ከተደረደሩበት የኦማን ኻንጃር ነው፤ ባንዲራቸው ላይ ያለው እሱ ነው። ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የወጡ ሁለት ማንጠልጠያዎች ካሉት በትከሻ ገመድ የሚንጠለጠለው የሞሮኮ ጩቤ ነው። የአፋሩን ጊሌ እዚህ የጅቡቲ መስመር ላይ ያደገ ሰው አይስተውም፤ ሰፋ ያለ፣ በሁለቱም በኩል የተሳለ ቆልማማ ስለት፣ የቆዳ አፎት፣ ወገብ ላይ ጋደም ተደርጎ የሚታጠቅ።

ቀጥሎ እጀታው። የስልክ መብራት ከጀርባው አብሩበት። ቀንድ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡም ጭረት ጭረት ይታያል፤ ፕላስቲክ አንድ ወጥ ነው። ማግኔት ብርም ናስም አይስብም፤ «ብር ነው» የተባለው ጌጥ ከተጣበቀ ውስጡ ብረት ነው። ላቲን ፊደል ፈልጉ። አሜሪካ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ «ኢንዲያ» የሚል ማኅተም ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ለገበያ የተሠራ ነው። ስለቱ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል።

በቅርቡ አንዲት ልጅ በነጠላ ጠቅልላ አንድ አመጣችልኝ። «አያቴ ከዓድዋ ያመጡት ነው» አለችኝ። አፎቱ መንጠቆ ነው። ገለበጥኩት፤ ሰው የፊቱን ጌጥ ያያል እንጂ ጀርባውን ማን ያያል። ከብሩ ጠርዝ ላይ አራት ደቃቅ ምልክቶች አገኘሁ፣ የመጨረሻዋ ክብ። ልጅቷ «ዜሮ ናት» አለች። አይደለችም፤ በዓረብ አኃዝ ክቧ አምስት ናት፣ ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው። 1365 ሂጅራ ይላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በ0.97 አባዝታችሁ 622 ትጨምራላችሁ። ወደ 1946 እ.ኤ.አ. ይመጣል፣ በኛ 1938። ዓድዋ 1888 ነው፤ ሃምሳ ዓመት!

በእርግጥ ዓመቱ የብሩ ሥራ ዓመት ነው፤ ስለቱ ከዚያ ሊቀድም ይችላል። ደግሞ ሥራው ሥራ ነው። የየመን ብር አንጥረኞች በብዛት አይሁዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ምናልባት ከመሄዳቸው በፊት ከሠሯቸው አንዱ ነው አልኳት።

«አያትሽ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ድሬዳዋ፣ ዓረብ ቤት ተቀጥረው ነበር መጀመሪያ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ውጭ አገር ለመላክ ካሰበች መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ልትሸጠው እንዳልሆነ ነገረችኝ። ነጠላዋን መልሳ ጠቀለለችና በር ላይ ቆም ብላ፦ «ጋሼ፣ እናቴ ከመጣች ግን የዓድዋ ነው በሏት።»