በወረርሽኝ ጊዜ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ምን ይደረግ? ለጤና ኬላ ሠራተኞችና ለቀበሌ በጎ ፈቃደኞች

«አንድ ለአምስት» የሚባለው የሴቶች ስብስብ ስድስት ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብን ከለከለ። ቡና ተፈልቶ ስለ ወሊድ መከላከያ የሚደረገው ውይይት በሕግ የማይቻል ሆነ። የመርፌው ቀጠሮ ግን ደንብ አይጠብቅም፤ ዛሬ ዲፖ (የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ) የተወጋች ሴት ከ13 ሳምንት በኋላ ሌላ መርፌ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከስብሰባ ሳይሆን ከቀጠሮ ቀን ነው።

1. መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል አውጡ

የቤተሰብ ማህደሩን (የየቤቱ የጤና መረጃ የሚያዝበትን) ከፍታችሁ በአንድ ደብተር ላይ የማህደር ቁጥር፣ የምትጠቀመውን ዘዴ፣ የመጨረሻውን ቀን፣ የሚቀጥለውን ቀን፣ ጎጡንና በምን እንደምትገኝ ጻፉ። ደብተሩ ከእጅ እጅ ስለሚዘዋወር ስም አይጻፍበት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት በቅርብ ካለው ቤት መጀመር ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ቀኗ ለደረሰ ነው፤ ቤቷ ሩቅ ቢሆንም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠቀሙበት ሰፊ ጊዜ አለ። የዲፖ መርፌ ከቀጠሮው እስከ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ እስከ አራት ሳምንት ዘግይቶም ያለ ተጨማሪ መከላከያ ሊሰጥ ይችላል። ከ11ኛው እስከ 17ኛው ሳምንት ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ስላላችሁ በአንድ ጎጥ ያሉትን ሴቶች በአንድ ጉዞ መድረስ ትችላላችሁ፤ አሥር ጊዜ የሚወጣው መንገድ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። 17ኛው ሳምንት ካለፈ ግን እርጉዝ አለመሆኗን በጥያቄ ማረጋገጥ፣ መርፌውን መስጠት፣ ለሰባት ቀንም ኮንዶም እንድትጨምር መንገር ያስፈልጋል። አራቱን ሳምንት እንደ አዲስ ቀጠሮ አትቁጠሩት፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲታመም የሚያገለግል መጠባበቂያ ነው።

የረጅም ጊዜ ዘዴ የሚጠቀሙትን ለይታችሁ አስቀምጡ። በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላኖን በተፈቀደለት መሠረት ሦስት ዓመት፣ ጃዴል አምስት ዓመት፣ በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ (ኮፐር ቲ 380ኤ) አሥር ዓመት ይሠራል። ጥናቶች ኢምፕላኖን እስከ አምስት፣ ሉፕ እስከ 12 ዓመት እንደሚከላከሉ አሳይተዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመቷ በወረርሽኙ መሐል የሞላ የኢምፕላኖን ተጠቃሚ አትደናገጥ። ማስወጣት የምትፈልግን ሴት ግን ወረርሽኙን ሰበብ አድርጎ «ቆይ» ማለት በደል ነው። ማስወጣቱ የሚሠራው በጤና ጣቢያ ከሆነ ቀጠሮውን እናንተው ያዙላት።

2. ስልክ ስትደውሉ ሚስጥሯን ጠብቁ

በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። ባሏ ሳያውቅ የምትጠቀም ሴት በአንድ ግድየለሽ ጥሪ ትዳሯን ልታጣ፣ ልትደበደብም ትችላለች። ስለዚህ ገና ሰላም ሳለ፣ ጤና ኬላ በመጣችበት ቀን፣ በየትኛው ቁጥርና በስንት ሰዓት መደወል እንደሚቻል ጠይቃችሁ መዝግቡ። ሌላ ሰው ካነሳ «ስትመለስ ደውዬ ነበር ይበሉልኝ» ብላችሁ ዝጉ። እሷ ካነሳች የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻሽን ነሽ?» ይሁን፤ ቀጥሎም «አዎ» ወይም «አይ» ብላ ልትመልሰው የምትችለውን ብቻ ጠይቁ። የዘዴውን ስም የያዘ የጽሑፍ መልእክት በጭራሽ አትላኩ።

ስልክ ለሌላት በልማት ቡድን መሪዋ በኩል «ሐሙስ በሰፈራችሁ አልፋለሁ» የሚል መልእክት ይበቃል። ዝርዝሩን ግን ለማንም አትስጡ።

3. በአንድ ግንኙነት ረዘም ላለ ጊዜ ስጡ

እንክብል ለምትወስድ ሴት በየወሩ አንድ ፓኬት መስጠቱን ትታችሁ ክምችት ከፈቀደ ሦስት ስጧት፤ የዓመት ፍጆታ 13 ፓኬት ነው። ድብልቅ ሆርሞን ያለውን እንክብል ለምትጀምር ግን የደም ግፊት ሳትለኩ አትስጡ፤ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ዘዴ ይመረጥላት። ልጇ ስድስት ወር ያልሞላው አጥቢ እናትም ድብልቁን አትወስድም። ድብልቁን እንክብል የምትወስድ ሁሉ ይህን በቃሏ ትያዝ፦ አንድ ወይም ሁለት ከረሳች እንዳስታወሰች አንዱን ትዋጥና ትቀጥል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከረሳች ደግሞ እየቀጠለች ሰባት ቀን ኮንዶም ትጨምር።

ክምችት ላይ የሚመጣውን ችግር አስቀድማችሁ እወቁ። 40 ተጠቃሚዎች በወር 40 ፓኬት ይወስዱበት የነበረ ጤና ኬላ ሦስት ሦስት ሲሰጥ በአንድ ወር 120 ያወጣል፤ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ምንም ላያወጣ ይችላል። ሪፖርቱን ያለ ማብራሪያ ከላካችሁት ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ከልክ በላይ ይልካል፣ ቀጥሎ ደግሞ «ፍላጎት የለም» ብሎ ያቆማል። በሪፖርቱ ግርጌ «የሦስት ወር በአንዴ የተሰጠ» ብላችሁ ጻፉ። ለዲፖ መርፌ ስትጠይቁ የሲሪንጁን ቁጥር እኩል አድርጉ።

4. ቤት ስትሄዱ

ሠራተኛዋ ትኩሳት ወይም ሳል ካላት አትውጣ። ንግግሩ በግቢ ውስጥ፣ ማስክ ተደርጎ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ይለቅ፤ ጠጋ የሚባለው ለመርፌው ብቻ ነው። እጅ ከመርፌው በፊትም በኋላም ይታጠባል። ያገለገለ ሲሪንጅ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ይገባል፤ ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። ሴቲቱ የበሽታው ምልክት ካላት ኮንዶም በርቀት አስቀምጡላትና መርፌውን እስከ 17ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዛውሩት።

5. በሞንታርቦ የሚነገረውን አሳጥሩ

«ጤና ኬላው ክፍት ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ ለእናቶች ብቻ ነው፣ ማስክ አድርጋችሁ ኑ» ይበቃል። ስለ ዘዴዎቹ መዘርዘር የስልክና የግል ውይይት ሥራ ነው። የወረርሽኙ ክትባት «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ባለበት ሰፈር አንዲት ሠራተኛ ክትባቱንም ዲፖውንም ከያዘች ብልቃጡን እያሳየች «ይህ ክትባቱ ነው፣ ይህ ዲፖው ነው» ትበል፤ ለእያንዳንዱም ለየብቻ ፈቃድ ትጠይቅ። አንድ ጊዜ ሳትጠየቅ ተወጋሁ ያለች ሴት ጎረቤቶቿን ሁሉ ይዛ ትቀራለች።

6. ዓርብ ዓርብ ደብተሩን ተመልከቱ

በሳምንቱ ቀናቸው የደረሱ ስንት ነበሩ? ስንቶቹ ተገኙ? ያልተገኙት ቁጥር ሰኞ ጠዋት ከዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፍ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ያልተገኘች ሴት ካለች ስልኩን መሞከር ይብቃ፤ አንዳችሁ ወደ ጎጧ ሂዱ።