የመኳንንቱን የጋብቻ መረብ እንዴት እንስላለን?

የሹመት ዝርዝር ማን ምን እንደተባለ ይነግረናል እንጂ ማን በማን በኩል ቤተ መንግሥት እንደሚገባ አይነግረንም። ለዚህ ሰዎቹን በነጥብ፣ ግንኙነታቸውን በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋል። ምሳሌዬ የምኒልክ ዘመን ነው፤ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ድንበር አብጁ። መኳንንቱን ሁሉ ልመዝግብ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስም ሲለቅም ይኖራል። እኔ አምስት ቤት ብቻ ያዝኩ፦ የሸዋው የምኒልክ ቤት፣ የእቴጌ ጣይቱና የወንድማቸው የራስ ወሌ ቤት፣ የወሎው የራስ ሚካኤል ቤት፣ የትግራዩ የአፄ ዮሐንስ ቤት፣ የሐረሩ የራስ መኮንን ቤት።

ቀጥሎ ኤክሴል ክፈቱና አምስት ዓምድ አዘጋጁ፦ አንደኛው ሰው፣ ሁለተኛው ሰው፣ የግንኙነቱ ዓይነት፣ የጀመረበት ዓመት፣ ያበቃበት ዓመት። አንዱ ረድፍ እንዲህ ይነበባል፦ ዘውዲቱ ምኒልክ፣ ጉግሳ ወሌ፣ ጋብቻ፣ 1892፣ 1909።

ጊዜ የሚበላው ስም ማጥራት ነው። ጉግሳ ወሌና ጉግሳ አርአያ፣ መንገሻ ዮሐንስና መንገሻ አቲከም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ካምታታችኋቸው ያልነበረ ዝምድና ትፈጥራላችሁ። በተቃራኒው አንዱ ሰነድ «አባ መላ»፣ ሌላው «ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ» ሲል ሁለት ነጥብ እንዳይሆንባችሁ። የፈረንጅ ሰነድ ላይ ያለውን ዓመት ስትገለብጡም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንሱ።

አሁን መስመር ቁጠሩ። ዓመት ሳይለዩ ሁሉንም ጋብቻ ካሰመሩ ሸዋ፣ ጣይቱ፣ ወሎና ትግራይ ከሦስት ሦስት ቤት ጋር ተዛምደዋል፤ ሐረር ከሁለት። ይህ ምንም አይነግረንም። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ እዚህ ላይ ደርሼ ወረቀቱን ጥዬው ነበር።

ዓመት መመዝገባችን የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። በ1893 አካባቢ የነበረውን ብቻ አስቀሩ። ሸዋና ጣይቱ በሁለት ጋብቻ ተሳስረዋል። የራስ ወሌ ልጅ ከፈይ የራስ መንገሻ ዮሐንስ ሚስት ናት፤ እህቷ ምንትዋብ ለራስ መኮንን ተድራለች፤ ያ ጋብቻ ግን ብዙም አልቆየም። ወሎ ከሸዋ ጋር የተገናኘው በምኒልክ ልጅ በሸዋረጋ፣ ማለትም በልጅ ኢያሱ እናት ነው። ከጣይቱ ቤት ውጭ ያሉት አራቱ ቤቶች እርስ በርስ ሲጣመሩ ስድስት ጥንድ ይሆናሉ። ከስድስቱ አምስቱ የሚገናኙት በጣይቱ ቤት አልፈው ነው፤ በተራው ሸዋን አውጥተን የቀሩትን አራት ቤቶች ስናጣምር ግን ከስድስቱ ጥንድ ሸዋን የሚያቋርጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ድልድዩ የማን እንደሆነ በጣት ቆጥረን አገኘነው። ነጥቡ ሃምሳ ሲያልፍ በጣት አይሆንም፤ ጌፊ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያሰላላችኋል።

ታዲያ ሥዕሉን እንዳለ አትመኑት። ከፈይ ወደ ትግራይ የምትዘረጋው መስመር የሚሠራ ይመስላል እንጂ ባሏ ያኔ አንኮበር እስር ላይ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ እኔ «በእስር» የሚል ስድስተኛ ዓምድ ጨምሬአለሁ።

ሌላው ደግሞ ተፈሪ መኮንን ነው። በ1903 የልጅ ኢያሱን የእህት ልጅ፣ የራስ ሚካኤልን የልጅ ልጅ መነንን አገባ። መስመሩ ሐረርን ከወሎ አጥብቆ ያሰረ ይመስላል። በመስከረም 1909 ኢያሱ ሲሻር ግን ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነ፤ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ስለዚህ ለጠብ ሌላ ገጽ ክፈቱና በቀይ አስምሩ፤ ከሐረር ወደ ወሎ የጋብቻው ሰማያዊና የጠቡ ቀይ ጎን ለጎን ይወጣሉ።