ስልክ ሲሞላ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ የማይገኘውን አጥፍቶ የሚገኘውን ማስቀመጥ

ጥር 23 እንጅባራ የፈረስ ቀን ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሱ ሁሉ ተሸልሞ ይወጣል። በዚያ ቀን ስልኩን ወደ ላይ ያላነሣ ሰው አይገኝም። አንድ ጓደኛዬም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ሄደ። ልክ ፈረሰኞቹ ሽምጥ ሲጋልቡ ቪዲዮው ቆመበት። «ስቶሬጅ ፉል» አለው። ጋለሪውን ከፈተና ዓይኑ ያረፈበትን ረጅም ቪዲዮ ሁሉ አጠፋ። አሁንም እምቢ ሲለው ትራሹን፣ ያጠፋው የሚጠራቀምበትን ቦታ፣ ባዶ አደረገ። ፈረሶቹን ቀረጸ። ማታ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲያየው፣ ካጠፋቸው አንዱ የልጁ ክርስትና ነበር።

በማግስቱ እኔ ጋ መጣ። ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ስልኩን ከፍቼ ሳየው ቴሌግራም ብቻውን 14 ጊጋ ይዟል። አብዛኛው ከግሩፕ የወረደ፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ያላየው ቪዲዮ ነው። ያንን ቢያጠፋ ለፈረሱም ለክርስትናውም ቦታ ይተርፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ሰው ስልኩ ሲሞላበት መጀመሪያ የሚያጠፋው የራሱን ነው። ከሌላ ሰው የመጣው፣ ነገ ተመልሶ ሊወርድ የሚችለው፣ ተደላድሎ ይቀመጣል። ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ምን እንደሞላው ሳያዩ ማጥፋት

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ስቶሬጅ» የሚለውን ንኩ። ፎቶ ይህን ያህል፣ ቪዲዮ ይህን ያህል፣ አፕ ይህን ያህል ብሎ ለይቶ ያሳያችኋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን ይህን ገጽ ከፍቶት አያውቅም። በቀጥታ ጋለሪ ገብቶ ፎቶ አንድ በአንድ ይለቅማል። አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ነው። መቶ ፎቶ መርጣችሁ፣ አዝናችሁ ብታጠፉ የምታገኙት ግማሽ ጊጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። አንድ ደቂቃ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። ከእሱ የበለጠ ጥራት ያለው 4ኬ ከሆነ ከ170 እስከ 350 ይደርሳል። የሠርግ ጭፈራ አሥር ደቂቃ በ4ኬ ብትቀርጹ እስከ 3 ጊጋ ተኩል ሄደ ማለት ነው። በስልክ ስክሪን ለሚታይ ቪዲዮ ፉል ኤችዲ ይበቃል። የካሜራውን ሴቲንግ ዝቅ አድርጉት፤ ጥርና ሚያዝያ ላይ፣ ሠርግ በሠርግ ሲሆን፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ቴሌግራምን መርሳት

እኛ አገር የስልክ ሆድ ቴሌግራም ነው። መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ ዜናው፣ ፊልሙ፣ የፈተና ወረቀቱ ሁሉ በእሱ ይመጣል። አውቶ ዳውንሎድ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሳትነኩትም ይወርዳል። ዳታችሁም አብሮ ያልቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ግቡ። «ክሊር ካሽ» የሚል አለ፤ ንኩት። ካሽ ማለት አፑ ለጊዜው ስልኩ ላይ ያስቀመጠው ነው። ሰው እዚህ ላይ ይፈራል። «መልእክቴ ይጠፋል እኮ!» ይለኛል። አይጠፋም። የሚጠፋው ስልካችሁ ላይ የወረደው ቅጂ ነው። ዋናው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት ተመልሶ ይወርዳል። እዚያው ገጽ ላይ «ኪፕ ሚዲያ» ወይም «አውቶ-ሪሙቭ ካሽድ ሚዲያ» የሚለውን አንድ ሳምንት ላይ አድርጉት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ያልከፈታችሁትን ራሱ ያጸዳዋል።

አንዳንዱ ግን ካሽ ማጥፋቱን ትቶ ቻቱን ራሱን ያጠፋል። ይህ ሌላ ነገር ነው። ቻት ከጠፋ መልእክቱም ፎቶውም ከሰርቨሩ ጭምር ከእናንተ ይሄዳል። ሁለቱን አታምታቱ። ሲክሬት ቻት በሚባለው የቴሌግራም ምስጢራዊ ቻት ላይም ተጠንቀቁ፤ እሱ ስልኩ ላይ እንጂ ሰርቨር ላይ አይቀመጥም።

ዋትሳፕ ደግሞ እንደ ቴሌግራም አይደለም። ዋትሳፕ ላይ የመጣ ፎቶ የሚቀመጠው ስልካችሁ ላይ ነው። ካጠፋችሁት፣ ላኪው ጋ ከሌለና ባክአፕም (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) ካላደረጋችሁ፣ ሄደ። ለእሱ «ማኔጅ ስቶሬጅ» የሚል ቦታ አለው። ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረጉትን ለይቶ ያወጣላችኋል። ፎርዋርዱን ከዚያ አጥፉ። የቤተሰቡን ተዉት።

ክሊር ዳታን እንደ ክሊር ካሽ ማየት

ሴቲንግ ውስጥ አፑን ስትከፍቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ካሽ ማጥፋት ጊዜያዊውን ይጠርጋል፤ ጉዳት የለውም። «ክሊር ዳታ»፣ አንዳንድ ስልክ ላይ «ክሊር ስቶሬጅ» የሚለው፣ አፑን እንደ አዲስ ያደርገዋል። አካውንታችሁ ይወጣል። ዋትሳፕ ላይ ብትነኩት ባክአፕ ያላደረጋችሁት ቻት ሁሉ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ብትነኩት እንደገና ለመግባት ኮድ ይጠይቃል። ሲማችሁ ከጠፋ ወይም ተጨማሪውን ፓስወርድ ከረሳችሁ ደጅ ትቀራላችሁ። ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ።

ትራሹን አለማወቅ

ብዙ ሰው «አጠፋሁ፣ ግን ቦታው አልተለቀቀም» ይላል። ጋለሪ ላይ ያጠፋችሁት ትራሽ ውስጥ ይገባል። በብዙ ስልክ 30 ቀን እዚያ ይቆያል፤ እስከዚያ ቦታውን አይለቅም። እንደ ጓደኛዬ ቸኩላችሁ ትራሹን ባዶ ካደረጋችሁ ደግሞ መመለሻ የለም። «አንተ ታመጣዋለህ» ብለው የሚመጡ አሉ። አዳዲስ ስልኮች ፋይሉን ቆልፈው ስለሚይዙት ከትራሽ የወጣውን መመለስ አልችልም። ትራሹን ባዶ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ታች እየሳባችሁ እዩት።

የጽዳት አፕ መጫን

አንድ አባት በገበያ ቀን መጡ። «ልጄ፣ ይቺ ስልክ ጠገብሁ አለች» አሉኝ። ሳየው የልጅ ልጃቸው ሦስት ዓይነት ማጽጃ አፕ ጭኖላቸዋል። ሦስቱም ማስታወቂያ ይዘንባል፣ ባትሪ ይበላል፣ ቦታ ይይዛል። ሦስቱንም አወጣሁላቸው። ስልካችሁ ራሱ ማጽጃ አለው። ካልበቃችሁ የጎግል «ፋይልስ» የሚባለው አለ። ሌላ አያስፈልግም።

ጎግል ፎቶስ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቅጂ ነው ብሎ ማጥፋት

ይህ ስህተት ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ባክአፕ የተደረገን ፎቶ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብታችሁ ብታጠፉ ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይጠፋል። ትራሹ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ያበቃል። ከስልክ ብቻ ለማንሣት «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ። እሱ ባክአፕ የሆነውን ብቻ ለይቶ ከስልኩ ያነሣል። ነፃው ቦታ 15 ጊጋ ነው፤ ጂሜይልም ድራይቭም የሚካፈሉት እሱኑ ነው። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶ እንደ ልብ በነፃ ማስቀመጥ ቀርቷል። ስለዚህ የተላከላችሁን ቀልድና የቴሌብር ስክሪንሾት ባክአፕ አታድርጉ። ለልጆቻችሁ ፎቶ ቦታ ተዉ።

ርካሽ ሚሞሪ ካርድ

«1 ቴራ» ተብሎ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠውን አትግዙ። ስልክ ላይ ሲገባ 1 ቴራ ነኝ ይላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጊጋ ብቻ ነው። ልኩ ሲያልፍ ፋይሉ የገባ ይመስላል፣ ስሙም ይታያል፣ ስትከፍቱት ግን አይከፈትም። አዲስ ካርድ ስትገዙ መጀመሪያ ቢጠፋ የማያሳዝናችሁን ፊልም እስኪሞላ ጫኑበት፤ ከዚያ መጀመሪያ የገባውንም መጨረሻ የገባውንም ከፍታችሁ እዩ። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ካርዱን አትመኑት።

ወዲያው ፎርማት ማስደረግ

አንዲት ጎረቤቴ ስልኳ ቀርፋፋ ሆኖ አስቸገራት። አንድ ሱቅ ወሰደችው። «ፎርማት እናድርገው» አሏት፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እናድርገው ማለታቸው ነው። እሺ አለች። ባክአፕ አላት ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። ማታ ስልኩን ስትከፍት የጎግል አካውንቷን ፓስወርድ ጠየቃት፤ አታውቀውም። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ ስልክ ቢሰረቅ እንዳይከፈት ብሎ ይህን ይጠይቃል። ፓስወርዱን ሁለት ቀን ፈልገን አገኘነው። የአባቷ ድምፅ ግን አልነበረም። አባቷ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ለፋሲካ ሲመርቁ የቀዳችው ነበር።

እኔ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጬ አራት ነገር እጠይቃለሁ። የጎግል አካውንትህና ፓስወርድህ ማን ነው? ዋትሳፕህ መቼ ነው ባክአፕ የሆነው? ስልክ ቁጥሮችህ ሲሙ ላይ ናቸው ወይስ ጎግል ላይ? ድምፅ የቀዳህበት ነገር አለ? አራተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ የድምፅ ቅጂ ጋለሪ ላይ አይታይምና። «ሪከርዲንግስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል።

ጎረቤቴን ለእናትሽ ወይ ለእህትሽ ልከሽው ነበር ወይ አልኋት። አታስታውስም። እሑድ አብረን እናቷ ቤት ሄድን። እናቷ ስክሪኗ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ከቁም ሣጥን አወጡ። ቻርጅ እስኪይዝ ቡና ተፈላ። ስንከፍተው ቴሌግራም ላይ፣ ከብዙ ፎርዋርድ መሀል፣ አንድ ደቂቃ ተኩል የሆነ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ያስላሉ፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ» ይላሉ። እናቷ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ድምፁን አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን የልጅቷ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ፣ አንዱን እህቷ ስልክ ላይ ገለበጥሁት። ከዚያ የእናቷን ስልክ ካሽ አጸዳሁላቸው። 6 ጊጋ ተለቀቀ።