አጭር የዛንዚባር እረፍት እንዴት ይታቀዳል?

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ስለሚወርድ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ደሴቲቱ የምታስገድደውን የጉዞ ኢንሹራንስ (ለአዋቂ 44 ዶላር) ቀድማችሁ በኢንተርኔት ክፈሉ።

ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን (የዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል) እደሩ። አብዛኛው ጠባብ መንገድ መኪና አያስገባም፤ ሻንጣ ይቅለላችሁ። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የተጠበሰ ዓሣ አለ፤ ዋጋ ሳትጠይቁ ሳህን አታስሞሉ።

ለመዋኘት በሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ ይሻላል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ለምሳሌ ፓጄ፣ ባሕሩ ለሰዓታት ርቆ ይሸሻል።

ጀልባ ስትቀጥሩ ሰዓቱን ደግማችሁ አረጋግጡ፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛ ከንጋት ይቆጥራሉ፤ ለእንግዳ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊነግሩ ይችላሉ።