ፖርትሬትና ስቲል ላይፍ ስማር ያበላሸኋቸው ነገሮች (እናንተ አትድገሟቸው)

ሀዋሳ ላይ ፎቶ መማር ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ግማሹን የተማርኩት ክላስ ውስጥ ነው፣ ግማሹን ደግሞ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ ጋ እየተላላኩ፣ ወለል እየጠረግኩ፣ የጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ። እዚህ ከተማ ሰርግና ምርቃት የሚያነሳ ልጅ ሞልቷል፣ ቁጭ ብሎ ፖርትሬት (የሰው መልክ ላይ ያተኮረ ፎቶ)፣ የተቀነባበረ ፎቶ፣ እቃና ፍራፍሬ ደርድሮ ማንሳት (ስቲል ላይፍ የሚሉት) ልማር የሚል ግን ጥቂት ነው፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው። አሁን ዞር ብዬ ሳየው አብዛኛው ጥፋቴ አንድ ነው፣ የትልልቆቹን ፎቶ አይቼ መልኩን ለመገልበጥ እሮጣለሁ እንጂ መብራቱ ከየት መጣ፣ ሰውየውስ ፊቱ እንዲህ የሆነው ምን ቢባል ነው ብዬ አልጠይቅም ነበር።

ፎቶውን ማየት፣ መብራቱን አለማየት

ስልኬ ላይ ወደ 400 የሚሆን የሰው ፎቶ ሴቭ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ስልኬን ተቀብለው አንዷን ከፈቱና "መስኮቱ በየት በኩል ነው?" አሉኝ። የምን መስኮት? ፎቶው ላይ መስኮት የለማ! "ዓይኗን አጉላው" አሉኝ፣ ሳጎላው ጥቁሩ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ነገር አለ፣ በግራ ከፍ ብሎ። መስኮቱ እሱ ነው። ከዛ የአፍንጫዋን ጥላ በጣታቸው አሳዩኝ፣ ወደ ቀኝ ነው የወደቀው። በቃ፣ ከዛን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ያለውን ነጭ ነጥብ ነው የምፈልገው፣ ክብ ከሆነ ጃንጥላ ወይ ክብ መብራት፣ አራት ማዕዘን ከሆነ መስኮት ወይ ሶፍትቦክስ (መብራቱን በነጭ ጨርቅ የሚያለሰልስ ሳጥን)፣ ሁለት ከሆነ ሁለት መብራት ማለት ነው።

ስቲል ላይፍ ላይ ደግሞ የባሰ ተዋርጃለሁ። ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ያነሳት የፈረንጅ ቃሪያ አለች፣ ቁጥር 30 የምትባለው፣ ቃሪያ ትሁን የሰው ጀርባ መጀመሪያ የማይለይባት። እኔም ገበያ ሄጄ የፈረንጅ ቃሪያ ገዛሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ የስልክ ባትሪ አበራሁባት፣ ወጥ ሊሰራባት የቀረበች ቃሪያ ሆና ቁጭ! ሰውየው እንዴት እንደሰራው ሳነብ በ4 ቀን ውስጥ ብቻ ቢያንስ 30 ኔጋቲቭ አንስቷል፣ እና በመጨረሻ ያደረገው ቃሪያዋን ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ሲገለበጥ የምንጠቀምበት አይነት አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ቆርቆሮው መብራቱን ከየጎኑ እየመለሰ ያለብሳታል። እኔ የዱቄት ወተት ጣሳ አጋድሜ ሞከርኩ፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ካሜራውን መጽሐፍ ላይ ደግፌ፣ በሁለት ሰከንድ ሹተር። እንደሱ አልሆነችም፣ ሊሆንም አይችልም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሪያዋ ክብደት ኖራት፣ ጫፏ ላይ ያለው ብርሃን እየለሰለሰ ወደ ጥላ ሲገባ ታያላችሁ። ማታ ተበላች።

ማታ ፍቅር ሐይቅ ሄዶ ፊት ማጥቆር

ፍቅር ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚሰራው። ሀዋሳ ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ ምስራቅ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ሐይቁ ማዶ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፣ ፀሐይዋም አብራ ከኋላው ናት፣ ሰማዩ ያምራል ፊቱ ከሰል። ከዛ ኤዲት ላይ ፊቱን ለማብራት ሲሞከር ግራጫና የተቦጫጨቀ ይሆናል። ወይ ነጭ ፎም ቦርድ ይዛችሁ ሂዱና ከፊት መልሱበት (ቁራጭ ነጭ ካርቶንም ይሰራል)፣ ወይ ፍላሽ በትንሹ ስጡት፣ ወይ ደግሞ ሰውየውን አዙሩትና ፀሐይዋን ወደ ፊቱ አድርጉ፣ ከኋላው ሐይቅ ሳይሆን ዛፍ ይሁን፣ ምን ችግር አለው። ሐይቁ ከኋላ ፀሐይ ከፊት የሚሆንላችሁ ጠዋት ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ። ለመነሳት ሰነፍ ከሆናችሁ እንደኔ ችግር ነው።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ነው የምትቆመው፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከአፍንጫ ስር ጥቁር ጢም ይበቅላል። ሪቻርድ አቬዶን ከ1979 እስከ 1984 የአሜሪካን ምዕራብ እየዞረ የማዕድን ሰራተኛውን፣ ከብት አራጁን፣ መንገደኛውን ሲያነሳ ስቱዲዮው ምን መሰላችሁ፣ ነጭ ወረቀት የሆነ ህንጻ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ግን በጥላው በኩል። ያ ብቻ። እኛ ጋ የጥላ ግድግዳ ጠፍቶ ነው? ከሰዓት በኋላ ማንኛውም ቤት ምስራቃዊ ግድግዳው ጥላ ነው፣ ነጭ አንሶላ ወጥሩበት።

ነጭ ነጠላና ጥቁር ፊት

ካሜራ ሞኝ ነው፣ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል። እናቴን በነጭ ነጠላ ነጭ ግድግዳ ፊት ሳነሳት ካሜራው "ኧረ በዛ ብርሃኑ" ብሎ ቀነሰው፣ ነጠላው ግራጫ ፊቷ ጥቁር ሆነ። "ልጄ እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?" አለችኝ፣ አሳዘነችኝ። መለኪያውን ፊት ላይ አድርጉት (ስፖት የሚለው ላይ)፣ ወይ ኤክስፖዠሩን አንድ ከፍ አድርጉ፣ ነጠላው ጥለቱ እስካለ ድረስ ትንሽ ቢነጣ አይሞትም።

ፈገግ ይበሉ ማለት

አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ዓሣ ሲራገፍ ጠዋት ሄጄ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ አየሁ፣ መረባቸውን እየጠገኑ፣ ጣቶቻቸው ብቻ ለብቻቸው ፎቶ ናቸው። ሰላም ብዬ አስፈቀድኩ፣ እሺ አሉ። ከዛ ካሜራዬን አንስቼ "አባባ ትንሽ ፈገግ ይበሉ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ምን ተገኘና ነው የምስቀው?" አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ልጆች ሳቁ፣ እኔም አፈርኩ፣ እሳቸው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ያኔ የማውቀው የካርሽን ታሪክ ነበር። ዩሱፍ ካርሽ በታህሳስ 1941 ኦታዋ ላይ ቸርችልን ሲያነሳ ሲጋሩን ከአፉ ነጥቆት ነው ያ የተቆጣ ፊት የመጣው። ሁሉም አስተማሪ ይሄን ይተርካል፣ ተማሪውም "አሃ፣ ሰውን መረበሽ ነው" ብሎ ይወጣል። እስቲ አሞራ ገደል ሂዱና ከሽማግሌ እጅ የሆነ ነገር ንጠቁ፣ ምን እንደሚገጥማችሁ ታያላችሁ። ያ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የሰራ ነገር ነው፣ የዘወትር ዘዴ አይደለም።

እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ካሜራ ሳልይዝ ሄድኩ፣ መረቡን ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ፣ ስለ ቆሮሶ (እሳቸው በጣም የሚወዱት ዓሣ) አወሩ። በአራተኛው ቀን ካሜራውን ደረቴ ላይ አድርጌ እያወራን አነሳሁ። አቬዶንም ካሜራው ትልቅ የእግር ካሜራ ስለነበር ከጀርባው ተደብቆ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ ነበር ሰውን የሚያየው። ካሜራ ፊታችሁን ሲሸፍነው ሰውየው የሚያወራው ከብረት ጋር ነው'ኮ።

በነገራችን ላይ እዛ ስትሄዱ ነጭ ሪፍሌክተር (መብራት መመለሻውን) መሬት ላይ ዘርግታችሁ አትተዉ። አባ ኮዳዎቹ ከዛፍ ላይ ምን እንደሚለቁበት የሄደ ያውቃል።

300 ፎቶ አንስቶ አንዷ ትገኛለች ማለት

ዲጂታል ነጻ ነው ብለን ጣታችን አይነሳም። ከ1948 ጀምሮ ማሊ፣ ባማኮ ላይ ስቱዲዮ የነበረው ሰይዱ ኬይታ ፊልም ውድ ስለነበር ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የሚያነሳው። ስለዚህ ስራው በሙሉ ከማንሳቱ በፊት ያልቃል፣ እጅ የት ይሁን፣ ትከሻ ወዴት ይዙር፣ ቀሚሱ እንዴት ይዘርጋ። እዛው ግቢ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ የመጀመሪያ ባክግራውንዱም የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ሳቁብኝ፣ "እኛስ ምን እናደርግ ነበር መሰለህ፣ 36 ፊልም ለሳምንት" አሉ። ከዛ ቅጣት ሰጡኝ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ክሊክ ብቻ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ዓይኑን የጨፈነ ሆነ፣ በሁለተኛው ግን ሳላስበው ትንፋሽ መጠበቅ ጀመርኩ፣ ሰው ሲተነፍስ ትከሻው ይወርዳላ፣ ያኔ ነው።

መሶብ፣ ጀበና፣ አገልግል ሁሉንም አንድ ፎቶ ላይ ማጨቅ

የተቀነባበረ ፎቶ ማለት እቃ መደርደር መስሎኝ ነበር። የአጎቴን ልጅ የባህል ልብስ አለበስኳት፣ ጀበና አስያዝኳት፣ ከኋላ መሶብ፣ ከጎን አገልግል፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ፣ ጭስ። ጋሼ አይተው "ሬስቶራንት ልትከፍቺ ነው?" አሏት እሷን፣ እኔን እንኳን አላዩኝም።

አይዳ ሙሉነህን እዩ፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሰረተችው። ፎቶዎቿ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ፊቱ ቀለም የተቀባ ሰው፣ አንድ ወይ ሁለት እቃ፣ አለቀ። በ2018 ስለ ውሃ የሰራችውን ዳሎል ድረስ ሄዳ ስታነሳ ዝግጅቱ ከባድ ነው ፎቶው ላይ ያለው ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያለምክንያት አልገባም። እኛ የምንገለብጠው ቀለሙን ነው፣ ፊት ነጭ ቀብተን ቀይ ጨርቅ ጣል እናደርግና "አርት" እንላለን። ፎቶው ስለምንድነው ሲባል ዝም።

ኬይታ ጋ ቬስፓ ነበር፣ ራዲዮም፣ የእጅ ሰዓትም፣ ግን ደንበኛው ራሱ በዛ መታየት ስለፈለገ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው። የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ምን ይዘህ ላንሳህ ስለው ጀበና አላለም፣ "የመንጃ ፈቃዴን" አለ፣ ትናንት ነበር የወጣለት። ያቺ ፎቶ እስካሁን ከሰራኋቸው ትበልጥብኛለች።

ሞዴል የለኝም ብሎ መቀመጥም ስህተት ነው። ሳሙኤል ፎሶ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ባንጊ ላይ በ1975 ስቱዲዮ ሲከፍት 13 አመቱ ነበር፣ የደንበኛ ፊልም ጫፉ ሲተርፍ ራሱን ያነሳበት ነበር፣ ናይጄሪያ ላሉ አያቱ ሊልክላቸው። ካደገ በኋላ በ2008 ማንዴላን፣ ማልኮም ኤክስን፣ የኛንም አፄ ኃይለሥላሴን ሆኖ ራሱን አነሳ። ሲንዲ ሸርማንም ከ1977 እስከ 1980 ያንን ሁሉ የፊልም ተዋናይ የምትመስል ሴት የሆነችው ራሷ ናት። ታይመር ሁሉም ስልክ ላይ አለ።

ሌንስ ከገዛሁ በኋላ እጀምራለሁ

ይሄን ብዙ አላወራበትም። አንድ 50 ሚሊሜትር ከአሮጌ ካሜራ ጋር ለፊት በቂ ነው። ስልክ ከሆነ አፍንጫ ስር አትግቡ፣ ሰፊው ሌንስ ቅርብ ያለውን ያሳብጣል፣ ሁለት ሜትር ራቁና በሁለት እጥፍ አጉሉ። አምፖል ላይ ስትሰሩ ደግሞ ይሄን ያዙ፣ ሰውየው ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲርቅ መብራቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። የመስኮት መብራት ካላችሁ የጣሪያውን አምፖል አጥፉት፣ አለዚያ ግማሽ ፊት ሰማያዊ ግማሹ ብርቱካን ነው። መብራት ሲጠፋ በቃ ተገላገላችሁ።

ኤዲት ላይ ቆዳ ማለስለሻውንም ተዉት ባካችሁ። የስልሳ አመት ሴትዮ የአስራ ስድስት አመት ጉንጭ።

ከኋላ ያለውን ሁሉ ማደብዘዝ

ሌንሱ እስከ 1.8 (በጣም ሰፊው ቀዳዳው) ይከፈታልና ሁሌ እሱ ላይ ነበርኩ፣ ፊቱ ጥርት ከኋላው ቅቤ። ቆንጆ ነው፣ ላይክም ያመጣል። አርኖልድ ኒውማን በ1946 ስትራቪንስኪን ሲያነሳ ግን ብዙውን ቦታ የሰጠው ለተከፈተው የፒያኖ ክዳን ነው፣ ትልቅ ጥቁር ነገር፣ ሙዚቀኛው ግራ ጥግ ላይ ታች ትንሽዬ ሆኖ። ስራው ከሰውየው በላይ ይናገራል። ይሄን ፎቶ ክላስ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ጽፌበታለሁም፣ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፣ ግን አሞራ ገደል ስሄድ ረሳሁት።

የአባባን ፎቶ ጋሼ ጋ በትልቁ አሳተምኩና ወሰድኩላቸው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉ፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ፊታቸው ቁልጭ ብሏል፣ የጺማቸው እያንዳንዷ ፀጉር ትቆጠራለች። ከኋላ ሰማያዊና ቡናማ የሆነ ጭጋግ ነገር አለ። ጣታቸውን ጭጋጉ ላይ አድርገው "ጀልባዬስ?" አሉኝ።

ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኑ ብለውኛል።