የቤተ ክርስቲያን ደጅ በተዘጋ ጊዜ፦ በወረርሽኝ ወቅት ሥርዓትን ስለ መጠበቅ

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 9 ቀን የዋለውን ስቅለት ብዙዎቻችን በየቤታችን ሰገድን፤ ትንሣኤንም በቴሌቪዥን መስኮት ተቀበልን። ያን ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይነት በአንድ አጥቢያ በር ላይ ቆሜ ምእመናንን ሳስታጥብና ስመልስ ከርሜያለሁና፣ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግመኛ ቢመጣ አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ሥርዓቱን ሳያጓድል እንዴት ሊሰነብት እንደሚችል እጽፋለሁ።

አስቀድሞ መፈታት ያለበት ጥያቄ አለ። መጠንቀቅ የእምነት ማነስ የሚመስላቸው ሰዎች እግዚአብሔር ከመቅሠፍት ይጠብቃል የሚለውን መዝሙር 90ን ይጠቅሳሉ፤ መዝሙሩ እውነት ነው፣ ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈትነው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር እንደ ነበረና የጌታም መልስ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ የሚያስተምር እንደ ነበረ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ተጽፏል። አባቶቻችንም ወረርሽኝ አላጋጠማቸውም ማለት አይደለም፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰው የኅዳር በሽታ ዛሬም ኅዳር ሲታጠን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ይታወሳል።

ቅዳሴው በጥቂት ሰዎች ብቻ ሲፈጸም የተቋረጠ የሚመስለውም አይጠፋም። በሥርዓታችን ቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ካሉ ይቀደሳል፤ ስለዚህ በሩ በተዘጋበት እሑድ እንኳ መሥዋዕቱ ስለ እናንተ እየተሠዋ ነው። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ከሆነ ቡናውን አንሡ፣ ነጠላችሁን አጣፉ፣ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ተነሡ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የተሰማ ቅዳሴ ከዜና ብዙም አይለይም። ሥጋ ወደሙ ግን በመስኮት አይቀበሉትምና የመቁረቢያ ጊዜያችሁን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ ወስኑ።

በቤት ውስጥ ወደ ምሥራቅ የሚያስቆም አንድ ማዕዘን ለዩና ሥዕለ አድኅኖውን (ቅዱስ ሥዕሉን) በዚያ አድርጉ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚነሣ ቤተሰብ በሳምንቱ ሲደክም አይቻለሁ፤ ነግህንና ሠርክን፣ ማለትም የጠዋቱንና የማታውን፣ መርጦ ሳያቋርጡ መጽናት ይሻላል። ውዳሴ ማርያሙ በየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ አያስቸግርም፤ ዳዊቱንም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ በተለመደው አከፋፈል ለቤተሰቡ ማደል ይቻላል። ማንበብ የጀመረ ልጅ ካለ አጭሩን መዝሙር ለእርሱ ተዉለት። በነገራችን ላይ፣ በዐረብ ሀገራት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ እኅቶቻችን ይህንን ኑሮ በጆሮ ማዳመጫና በስልክ ለዓመታት ኖረውበታልና በቤታችሁ እንዲህ ያለች ዘመድ ካለች እርሷን ብትጠይቋት ብዙ ትማራላችሁ።

ደጁ ሲከፈት፣ ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ከቤቱ ይቅር። በጤና የመጣው በሩ ላይ ቧንቧ ከተገጠመለት ጀሪካን በሳሙና ታጥቦ፣ ጭንብሉን አድርጎ፣ በግቢው በኖራ በተሠመረው ምልክት ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ ይቁም። ማንም የማያስበው በጸሎት ጊዜ የምንደገፍበት ዘንግ፣ መቋሚያው ነው፦ በግድግዳው ላይ ተደግፎ የሚቆየውን መቋሚያ በአንድ ሌሊት ማሕሌት ስንት እጅ እንደሚቀባበለው ያየ ሰው የየራሱን ይዞ ይመጣል። ጫማችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ከአጠገባችሁ አኑሩት። መስቀል መሳለም ለብዙ እናቶች ከሁሉ የከበደው ነገር ነበር፤ ካህኑ ከርቀት መስቀሉን ከፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲሉ ራስን ዝቅ ማድረግ በቂ እንደሆነ ካህኑ ራሳቸው ካላስረዷቸው ከእኛ ከወጣቶቹ አይቀበሉም። ለጸበል የራሳችሁን ሃይላንድና ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት በጸበል ምክንያት አታቋርጡ።

ከንስሐ አባት ጋር በስልክ መመካከር መልካም ነው። ኃጢአትን መናዘዝ ግን ድምፁ በቤት ውስጥ በሚሰማ ስልክ አይሁን፤ ቀጠሮ ይዛችሁ በግቢው ዛፍ ሥር ተራርቃችሁ ብትቀመጡ ምሥጢሩም ጤናውም ይጠበቃል።

የጽዋ ማኅበርና የሰንበቴ ድግስ ይቅር፤ ወጪው ግን አይቅር። ደጁ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የተራቡት ከበሩ ምጽዋት ለምነው የሚያድሩት ነዳያንና ቁራሽ ለምነው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የሚማሩት የአብነት ተማሪዎች ናቸው፤ በሽታ የሚፈራ ሰፈር በሩን አይከፍትላቸውም። ማኅበራችሁ የተራውን ወጪ ወደ ዱቄት፣ ሽሮና ዘይት ለውጦ በሰበካ ጉባኤው በኩል ያድርስ። አሥራታችሁንም በባንክ አስገቡ፤ የዕጣን፣ የጧፍና የዘቢቡ ወጪም ሆነ የካህናቱ ደመወዝ በብዙ አጥቢያ በሙዳየ ምጽዋት ላይ የቆመ ነው።

ሞት ቢያጋጥም ድንኳኑና ለቅሶ መድረሱ ሊያንስ ይችላል፣ ፍትሐቱ ግን በጥቂት ሰው ይደረሳል። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ሠላሳውና አርባው በጸሎት ታስቦ የተዝካሩን ግብዣ ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይቻላል። ለዚህ ካህኑ አስቀድመው የሚጠይቁት የሟቹን የክርስትና ስም ነው። አጎቴ በለይቶ ማቆያ ውስጥ ባረፈ ጊዜ ልጆቹ ስሙን አያውቁትም ነበር፤ አልቅሰው ሲፈልጉ ከርመው በመጨረሻ ከአሮጌው ዳዊቱ የውስጥ ሽፋን ላይ በእርሳስ ተጽፎ አገኙት። ስለዚህ ዛሬውኑ የእናት የአባታችሁንም የራሳችሁንም የክርስትና ስም ከንስሐ አባታችሁ ስልክ ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከሥዕሉ ሥር አኑሩት።